ሙሌ ገና አልተረዳም

ዳኜ፣ የኔ ጌታ፣

ይኸው ከተለያየን ዓመት ሊደፍን ነው። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ እኔ ካለሁበት የተሻለ ቦታ እንዳለህ አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ እንደምለው ነው። አንተ ግን ታውቀኛለህ፣ ደህና ነኝ ስል ፊቴን ወደ ሌላ አዞር የለ? አሁንም እንደዚያው ነኝ።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። አሁንም እዚያው ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ ነኝ። ሜላት መጥተሽ ሳን ሆዜ ከኔ ጋር ኑሪ እያለች በየሳምንቱ ትጨቀጭቀኛለች። እኔ በአማርኛ እቆጣታለሁ፣ ልጅህ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ መጨረሻ ላይ ሁለታችንም የፈለግነውን እናደርጋለን። እነዚያ የምትረግማቸው ዝይዎች የሐይቁን ዳር እንደሞሉት ናቸው፤ ባለፈው አንዷ አሳደደችኝ፣ እግሬ አውጪኝ ብዬ ሮጥኩ። ከላይ ያለው ከበሮ መቺ ልጅ ቤት ለቀቀ። ሲሄድ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ አላለኝም።

ሳይክልህ ኮሪደሩ ላይ እንደተሰቀለች ናት። ስገባ ስወጣ ፔዳሏ ክንዴን ትመታኛለች። ድሮ በመታችኝ ቁጥር ያንተን ዘር ማንዘር ነበር የምሰድበው። አሁን ዝም ብዬ አልፋለሁ፤ እንዲያውም አንዳንዴ ሆን ብዬ ጠጋ ብዬ አልፋለሁ።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ዋናውን ነገር መናገር ፈርቼ ነው። ነገሩ የሙሌ ነው። ዳኜ፣ ሙሌ አልተረዳም። ያ ባሕር ዳር አብሮህ ያደገው፣ በሰዓት በሚከራይ አንድ ሳይክል አንተ ስትነዳ እሱ ከኋላ፣ እሱ ሲነዳ አንተ ከኋላ ሆናችሁ ከተማውን ያተራመሳችሁት ወንድምህ፣ አንተ መሞትህን እስከ ዛሬ አያውቅም።

እንዴት እንዲህ ይሆናል ትለኝ ይሆናል። አንተ ባረፍክበት ሳምንት ሙሌ እዚያ ሚዙሪ ልቡን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሚስቱ እቴነሽ ያንተን ስትሰማ ደውላ ስልኩ ላይ ጮኸች። ከዚያ ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ ለመነችኝ፤ አሁን ከሰማ በእጄ ላይ ነው የሚቀረው፣ እባክሽ ብዙዬ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ አትንገሩብኝ አለችኝ። በዚያ ሰሞን እኔ ራሴን ስቼ ሰው ውኃ የሚያጠጣኝ ሴትዮ ነበርኩ። እሺ አልኳት። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጌታ ያጽናችሁ እያሉ ፎቶህን ፌስቡክ ላይ ሊለጥፉ ሲሉ ሜላት አንድ በአንድ እየደወለች አስቆመቻቸው። ሞትህን የደበቅነው እንደ ሌባ ነው።

ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር የምናውቅበት እኛ ብቻ ነን። እትዬ ጥሩወርቅን ታስታውሳቸው የለ፣ ቤታችንን የመረቁልን። ከተወሰኑ ወራት በኋላ፣ እትዬ፣ አሁንስ በስልክ ልንገረው ይሆን ብዬ ባማክርዎት ምን ይሉኛል ብዬ ጠየቅኳቸው። ከተቀመጡበት ተነሡ። መርዶ በስልክ? አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ሰው የለውም እንዴ? አሉኝ። መርዶ ንጋት ላይ ነው፣ ሰው ሰብስበሽ፣ ቤቱ ሄደሽ፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አዘጋጅተሽ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ኦክላንድና ሚዙሪ ከወሎ ሰፈር ቦሌ አይደለም፤ እኔ ፈቃድ የምታወጣ ሠራተኛ ነኝ፣ ክረምቱ ደግሞ እዚያ በረዶ ነው። እንዲህ እያልን ቀኑ ሄደ።

እስካሁን የነገርኩህ ቀላሉን ነው። ከባዱ ይኸውልህ።

ሙሌ ከሆስፒታል እንደወጣ ለአንተ ስልክ ቴክስት ላከ። አንተ ሰው ጠፋህ፣ የሞትኩ መስሎህ ነው? አለሁ እኮ፣ ስፕሪንግ ላይ ያንን መንገድ ሳንነዳው ብትቀር ወዮልህ ይላል። ስልክህን ቻርጅ ማድረግ አላቆምኩም ነበር፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቦግ ሲል አየሁት። ዝም ካልኩ ይደውላል፣ ደውሎ ካጣህ ደግሞ ሰው ይጠይቃል ብዬ ፈራሁ። አነሣሁና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንኳን ተረፍክልኝ፣ እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩ። አንተን ሆኜ። ላክሁት።

አንዴ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ግን ሙሌን ታውቀዋለህ፣ ነገር ከያዘ አይለቅም። በማግስቱ ሳይክልህን በሳጥን አሽገህ ታመጣታለህ ወይስ እዚህ ሬንት ታደርጋለህ ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎ የጎማህ ስፋት ስንት ነው አለ። ቀጥሎ በቀን ምን ያህል መንዳት ትችላለህ፣ ጉልበትህ ተሻለው ወይ አለ። ጉልበቴን ያመኛል ያልከው ለሱ ነው፤ ለኔ ግን አልነገርከኝም ነበር። ይኸው ከሞትክ በኋላ ጉልበትህን እንደሚያምህ አወቅሁ።

ምን ልመልስ? አንተ ስለዚያ መንገድ ስታወራ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እህ፣ እህ ነበር የምልህ። በየስፕሪንጉ ብዙዬ ነይ አብረን እንሂድ ትለኝ ነበር፣ አንተ ከሙሌ ጋር ስትነዳ እኔ ከእቴነሽ ጋር ከተማውን ላይ። ለሚቀጥለው ዓመት እልህ ነበር። ኦቨርታይም አለብኝ፣ ሜላት ፈተና አለባት፣ ሚዙሪ ደግሞ ምን አለ እልሃለሁ። አንተም አኩርፈህ አታውቅም፤ ለሚቀጥለው እንግዲህ ትልና ወጥተህ ሐይቁን ትዞራለህ። ብታኮርፍ ምን ነበረበት? አንድ ቀን ጠረጴዛ መትተህ ዘንድሮ እንሄዳለን ብትለኝ እኮ እየተነጫነጭኩም ቢሆን እሄድ ነበር።

እናም ለሙሌ ለመመለስ ስል መማር ጀመርኩ። ካርታ አወጣሁ፣ ቪዲዮ አየሁ። መንገዱ ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበረ አሉ፤ ሐዲዱ ተነቅሎ ለሳይክልና ለእግረኛ ሆነ። ባቡር ዳገት ስለማይችል መንገዱም ዳገት የለውም። ይህን ነበር እኮ በደስታ ስትነግረኝ የነበረው፣ ብዙዬ ዳገት የለውም እያልክ! ከከተማው መሀል፣ ከዩኒቨርሲቲው ኋላ ይጀምርና ወንዝ ወንዙን፣ በድልድይ በድልድይ እያለ፣ ጫካ ገብቶ ከትልቁ ከሚዙሪ ወንዝ ይገናኛል። አፈሩ ነጭ የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብበት እንደ ሊጥ ካቴናው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ዝናብ በዘነበ ማግስት አይነዳም። ዳኜ፣ እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አንተ ሃያ ዓመት ልታስተምረኝ ያልቻልከውን አሁን ማንም ሳያስተምረኝ አወቅሁት፣ ምን ዋጋ አለው።

ያንተ ጎማ ለኦክላንድ አስፋልት ነው፣ ቀጭን ነው፣ ለዚያ መንገድ አይሆንም። ሙሌ ሰፋ ያለ አስገባ ብሎ ነገረኝ። እሺ አስገባለሁ አልኩት። እዚህ ጋር ማበዴን ልንገርህ፤ እውነትም አስገባሁ። ሳይክልህን ከግድግዳው አውርጄ፣ እየገፋሁ እስከ አፕታውን ሳይክል መጠገኛ ሱቅ ወሰድኳት። ሰው ያየኛል፣ በሥራ ልብሴ ሳይክል እየገፋሁ። ባለ ሱቁ ጎማውንም ካላማዳሪውንም ቀየረ፣ ፍሬኑን አጠበቀ፣ ከዚያ ቁመቱን ላስተካክል፣ ማን ነው የሚነዳት አለኝ። ባለቤቴ ነው አልኩት። እንደሱ አልኩት፣ ነበር ሳልል ነው ብዬ። ቁመቱ ስንት ነው አለኝ፣ ነገርኩት። ከዚያ ወጥቼ መብራቱ ጋ ስደርስ መንገዱን መሻገር አቃተኝ፣ ሰዉ እያለፈኝ ብዙ ቆምኩ።

ሜላት ነገሩን ስትሰማ አበደች። ማሚ ዚስ ኢዝ ኖት ኖርማል አለች። መልእክቶቹን ልትሰርዝ ስልኩን ከእጄ ልትነጥቀኝ ሞከረች። ጮኽኩባት። መጀመሪያ ሙሌ ይደውል ነበር፣ አላነሣም ነበር፤ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ እየነዳሁ ነው እያልኩ እጽፍ ነበር። ከዚያ መደወሉን ራሱ ተወው፣ ቴክስት ብቻ ሆነ። ግልግል አልኩ። አባትሽን ስለምወድ ነው ብዬ ለልጄ አስረዳሁ። ግን አንድ ቀን፣ ሙሌ ስለ ዋሻው ሲጽፍልኝ፣ በመንገዱ ላይ ባቡር ያልፍበት የነበረ የድንጋይ ዋሻ አለ፣ እዚያ ውስጥ ገብተን እንጮሃለን፣ ድምፃችን ሲመለስ እንሰማለን ሲለኝ፣ ስስቅ ራሴን አገኘሁት። ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን። ያኔ ነው የገባኝ። ለሙሌ ብዬ ብቻ አልነበረም። ቢያንስ በአንድ ሰው ዘንድ አልሞትክም ነበር፤ እኔም ከሱ ጋር እዚያ መቆየት ፈልጌ ነበር።

አሁን እቴነሽ ደውላለች። ሐኪሙ ልቡ በርትቷል ብሏል። ከዚህ በላይ ብናቆየው ይቀየመናል፣ ስትመጡ ይረዳ አለችኝ። ፈቃድ አውጥቻለሁ፣ ትኬት ተቆርጧል፣ ሜላትም ትሄዳለች። ቤተ ክርስቲያን ለጉዞዬ ጸልዩልኝ፣ ወደ ኮሎምቢያ ልሄድ ነው ብዬ አስነገርኩ። የሙሌ ከተማ ስም ኮሎምቢያ አይደል? ጸሎት መሪዋ እጇን ጭና፣ ጌታ ሆይ፣ እህታችንን ከሽፍታና ከታጣቂ እጅ ጠብቃት፣ በስፓኒሽም ሞገስ ስጣት ብላ ጸለየችልኝ። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። ልቤ እየደማ ነው የሳቅኩት። አንተ ብትኖር ይህችን ዓመት ሙሉ ነበር የምታወራት።

ሙሌ ደግሞ ዛሬ ጽፏል። ቅዳሜ ንጋት ላይ እንወጣለን፣ ፀሐይ ሳይወጣ ቤቴ በር ላይ እጠብቅሃለሁ ይላል። ንጋት ላይ። መርዶም ንጋት ላይ ነው። እሺ ብዬ ጻፍኩ። ይህን ደብዳቤ እዚህ ላይ አቆመዋለሁ፣ ሻንጣ አላዘጋጀሁም። አንተን ጠብቆ እኔን ሲያይ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ዳኜ፣ ተመለስኩ። ካቆምኩበት ልቀጥልልህ።

ሳይክልህን ኮሪደሩ ላይ መልሼ ሰቅዬ ነው የሄድኩት። ከሴንት ሉዊስ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ተከራይተን ሜላት ነዳች። አገሩ ሜዳ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ሰፊ ነው። እየሄድን እቴነሽ ደወለችና በስፒከር አወራናት፤ ገና አልተረዳም፣ ጠዋት ላይ ይረዳል፣ ሰዉን አዘጋጅቻለሁ አለችኝ። ስልኩ ሲዘጋ ልጅህ ግራ ገባት። ምኑ ነው ያልተረዳው? ዩ ሹድ ኤክስፕሌይን ቱ ሂም አለችኝ። ነገሩ እንዳልገባው ቆጥራ ነው። አማርኛችን ነገር ሲገባህም ተረዳህ ይላል፣ ሰው ሲሞትብህና ሲነገርህም ተረዳህ ይላል አልኳት። ነዳች፣ ነዳችና፣ ሶ ኢትስ ዘ ሴም ዎርድ አለች። አዎ ልጄ፣ አንድ ቃል ነው አልኳት።

ከተማው ልክ አንተ እንዳልከው ነው። የተማሪ ከተማ ነው፣ ሳይክል በየጥጉ ተደግፎ ቆሟል፣ ተማሪዎቹ በቁምጣ ናቸው፣ እኔ በካፖርት። ሙሌ እንዳያየን ሆቴል አደርን። ጠዋት ገና ድንግዝግዝ ሳለ ወጣን። እቴነሽ የለመነቻቸው አበሾች መኪናቸውን መታጠፊያው ላይ አቁመው፣ ነጠላቸውን አደግድገው ይጠብቁን ነበር። ሴቶቹ እኔን አቅፈው ገና ከአሁኑ ማልቀስ ጀመሩ፤ ቆዩ፣ ይሰማናል፣ ቆዩ አልኩ።

ወደ ቤቱ ስንጠጋ ሙሌ ጋራዡ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከሲታ ሆኗል፣ ጋቢ ለብሷል። ጎኑ ላይ ሁለት ሳይክል ቆሟል፣ ጎማቸው ታጥቧል። እኔ ግን ሙሌን ሳይሆን ሳይክሎቹን ነበር የማየው። አንዷ የሱ ናት፣ አውቃታለሁ፣ ፎቶ ልኮልኛል። ሁለተኛዋ መቀመጫዋ ዝቅ ብሏል። በጣም ዝቅ ብሏል። አንተ ብትቀመጥባት ጉልበትህ አገጭህን ይመታህ ነበር። እንደኔ ላለ አጭር ሰው ነው የተዘጋጀችው።

ቀና ብሎ አየኝ። አልደነገጠም። ነይ ብዙዬ፣ ነይ አለኝ።

ዳኜ፣ ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያዋ መልእክት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ኋላ ነው የነገረኝ፣ ግን አሁን ልንገርህ። አንተ ለሱ ስትጽፍለት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው አሉ፣ አማርኛውን ቆራርጠህ፣ አንድ ቃል፣ ሁለት ቃል፣ እሺ፣ በቃ፣ ሂድ እዚያ። እኔ በንጹሕ ፊደል ጻፍኩለት፣ በየመጨረሻው አራት ነጥብ እያደረግሁ። ዳኜ በዕድሜው አራት ነጥብ አድርጎ አያውቅም አለኝ። እንኳን ተረፍክልኝ የምትል ቃልም ከሱ አፍ አትወጣም፣ እሱ ቢሆን ኖሮ አንተ አትሞትም፣ ክፉ ነህ ነበር የሚለኝ አለ። ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ጓዳ ሆና እቴነሽ ሾርባ እየሠራች ትዘምር ነበር፣ እንዳትሰማው ዝም አለ። መደወሉን የተወውም ለዚህ ነው። ባነሣ ድምፄን ሊሰማ ነው፣ መስማት ደግሞ ፈራ።

እሷ እሱን ትጠብቃለች፣ እሱ እሷን ይጠብቃል፣ እኔ ሁለቱን። ሙሌ ጋራዥ እየገባ፣ ሳይክል እያስተካከለ መስሎ፣ ጋቢውን ነክሶ ያለቅስ ነበር። ለምን አልጠየቅከኝም ብዬ ቆጣ አልኩት። አዎ፣ ቆጣ አልኩት፣ ታውቀኛለህ፣ ለቅሶ ላይም ሆኜ አልተውም። ምን ብዬ ልጠይቅሽ? አለኝ። ሞተ ወይ ብዬ በስልክ ልጠይቅሽ? ሰው መጥቶ ካላረዳኝ ለቅሶ መቀመጥ እችላለሁ? ኑ፣ መቼ ነው የምትመጡት፣ ኑ እያልኩ ስለምንሽ አልነበረም ወይ? አለኝ። ያኔ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ና ይል ነበር። ከዚያ ኑ ሆነ። እኔ ደግሞ ላንተና ለኔ የተደረገ ግብዣ መስሎኝ ነበር።

ጎማውንስ፣ ዝናቡንስ፣ ዋሻውንስ ለምን ጻፍክልኝ አልኩት። አንቺ አጥንተሽ ትመልሺልኛለሽ፣ ባቆም ምን ትሆኛለሽ ብዬ ፈራሁ፤ ዳኜ ቢኖር እንድታጫውታት አደራ ይለኝ ነበር አለኝ።

ያን ጠዋት ግን ይህን ሁሉ አላወራንም። ያን ጠዋት ፊቱ ቆምኩ። ሰዉ ከኋላዬ ቆሟል፣ ሜላት ክንዴን ይዛለች። ሙሌ ከበርጩማው ተነሣና፣ አውቃለሁ ብዙዬ፣ ግን በአፍሽ ንገሪኝ አለኝ። ካልነገርሽኝ ማልቀስ አልችልም አለኝ።

አልወጣ አለኝ። ዳኜ፣ ያን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር እኮ። ሆስፒታል ለኔ ነው የተነገረኝ። ቤተ ክርስቲያን ሰዉ ሁሉ ሰምቶ ነው የመጣልኝ። ሥራ ቦታ በእንግሊዝኛ ባሌን አጣሁ ብያለሁ፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን ሰው እንደ ጃንጥላ ነው የሚጠፋው፣ አፍ አያቃጥልም። በአማርኛ፣ በቋንቋችን፣ በስምህ ጠርቼ አላልኩትም። ጓዳ ብቻዬን ሆኜ እንኳ አላልኩትም። ዓመት ሊሆን ነው አንተን ሆኜ ስጽፍ፣ እመጣለሁ፣ እመጣለሁ ስል።

ዳኜ ሞተ አልኩት። ሙሌ፣ ዳኜ ሞተብን።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ሙሌ ሲጮህ፣ ሴቶቹ ሲጮሁ፣ እቴነሽ ከቤት ስትወጣ። የጎረቤት ፈረንጆች መብራት አበሩ። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ተዘጋጅቶ ነበር፣ እትዬ ጥሩወርቅ እንዳሉት። የወደቅሁት ግን እኔ ነኝ። ሙሌን ላረዳ ሄጄ የተረዳሁት እኔ ነኝ፣ ዳኜ። ሜላት ይዛኝ፣ ጆሮዬ ላይ በአማርኛ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ አባዬ ሞተ፣ አባዬ ሞተ ትለኝ ነበር። እሷም ብላው አታውቅም ነበር።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሙሌ ፎቶህን ሳሎን አስቀምጦ፣ የመጣው ሰው ሁሉ እየተነሣ ስላንተ አወራ፤ አንተን የማያውቁህ ሰዎች እንኳን ሲሄዱ የሚያውቁህ ሆነው ሄዱ። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። ይህ ለቅሶ የሱ ነበር። ወንድሙ ነህ፣ እንደ ወንድም በሰዓቱ፣ በሰው መሀል ማልቀስ ነበረበት፤ እኛ ልቡን እናድንለት ብለን ያን ሁሉ ወር ጋራዥ ውስጥ አስቀመጥነው። ይቅር በሉኝ ስላቸው እቴነሽ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች፣ ሙሌ የኔ ነው ይላል። ይቅርታውን ማንም ሊሰጠኝ አልቻለም። አንተ ብትኖር ምን እንደምትል አውቃለሁ፣ በቃ፣ ሂድ እዚያ ትል ነበር።

ከመመለሳችን በፊት መንገዱ ጋ ሄድን። ዝናብ ስላልነበረ ነጩ ድንጋይ ደርቆ ነበር። ሙሌ ገና እንዲነዳ አልተፈቀደለትም፣ ሳይክሉን እየገፋ ሄደ፤ እኔም ያንን ዝቅ ያለችውን እየገፋሁ። አንዴ ሞክሪ አለኝ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ዳገት እንጂ ሳይክል አላውቅም አልኩት። ዳገት የለውም አለኝ። ወጣሁ። ሜላት ከኋላ መቀመጫውን ይዛልኝ፣ እየጮህኩ፣ ልቀቂኝ፣ አትልቀቂኝ እያልኩ፣ እስከ ትንሹ ድልድይ ድረስ ነዳሁ። ወንዙ ከሥር ይሄዳል። ዛፎቹ ቅጠል እያወጡ ነበር። ደስ ይላል ዳኜ። ደስ እንደሚል ስትነግረኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ሽንኩርት ስከትፍ የነበርኩት። ካንተ ጋር ብሄደው ኖሮ አንተ ከፊት ሆነህ ዞር እያልክ ስታየኝ፣ እኔ ስሰድብህ፣ እንዲያ ነበር የሚሆነው። ይህን ከእንግዲህ የሚተካው የለም፣ ቀረ በቃ።

ትናንት ስልክህን ዘጋሁት። መስመሩንም አስቆረጥኩ። ከመዝጋቴ በፊት ለሙሌ አንድ መልእክት ላኩ፣ ግን ከራሴ ስልክ ነው፤ ብዙዬ ነኝ፣ ደህና ገባን አልኩት። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቃሉን ቆራርጦ፣ እሺ አለኝ።

ከእንግዲህ አንተን ሆኜ አልጽፍም፣ የኔ ጌታ። አስታውስሃለሁ፣ ግን አንተ አለህ እያልኩ አይደለም። ሰው ስለ ባሌ ሲጠይቀኝ ፊቴን አላዞርም፤ በአማርኛ፣ በስምህ ጠርቼ፣ ዳኜ ይባል ነበር፣ ሞተብኝ ብዬ እነግረዋለሁ።

ሚስትህ ብዙዬ